በጭንቅላታችን ላይ የተለማመደው ኤቱድ

ስለ ሙዚቃ እምብዛም አላውቅም፤ ጭንቅላቴ ግን ሳያውቅ አይቀርም። ፀጉር አስተካካያችን ፒያኖ የሚለማመደው በደንበኞቹ ራስ ላይ ነውና።

ቤቱ አሮጌ ፒያኖ አለው፤ ከሥራ ሲገባ ግን ጎረቤቱ ግድግዳ ስለሚደበድብበት ደፍሮ አይነካውም። ስለዚህ ቀን ቀን ራሳችንን በሻምፖ ሲያሸን አሥሩም ጣቶቹ ይነሣሉ።

"ኤቱድ ነው" አለኝ አንድ ቀን። "ጣት ማፍታቻ ተብሎ የተጻፈ፣ ጣት የሚሰብር ሙዚቃ።"

የሴት ልጁ የፒያኖ አስተማሪ በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ ወላጆችም እንዲጫወቱ ጋብዛ ስለነበር፣ የቱን ልምረጥ የሚል ጭንቀት ይዞታል። አንዱን "ዝናብ" ይለዋል፤ ቀኝ እጅ ሳያርፍ የሚንጠባጠብበት ነው። ሌላው "መዶሻ" ነው፤ ሁለቱም እጆች እየዘለሉ ይወቅጡታል።

ሚስቱ ከመጋረጃው ማዶ የሴቶች ፀጉር ትሠራለች። "አንተ ሰውዬ፣ ቀለል ያለ ነገር ተጫውተህ በሰላም ግባ። ልጅቷን እንዳታሳፍራት!"

"ስጫወተው ደስ የሚለኝን ነው የምፈልገው።"

"ደስታህ ላብ በላብ ነው እንዴ?"

ፍርዱን ከደንበኞቹ ለአንዱ፣ ለጡረተኛው ዳኛ ተወው። ራሰ በራ ናቸው፤ የሚመጡት ለመታሸት ብቻ ነው። መዶሻው ሲጀምር ከነአረፋቸው ተነሡ።

"ምን አጠፋሁ? ይግባኝ እላለሁ!"

"ይቅርታ ጋሼ። ይኸኛውስ?"

ዝናቡ ሲወርድባቸው አንኮራፉ። ተፈረደ።

በዝግጅቱ ቀን እኛ ደንበኞቹ አንድ ረድፍ ሞላን። እሱ የተዋሰው ሱፍ ውስጥ ጠፍቷል፤ ልጁ ጥፍሯን ትበላለች። ዝናቡ ጀመረ፤ እንዴት ያለ ዝናብ! እኔማ ሳላስበው አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ነበር።

መሃል ላይ ቀጥ አለ። ቀኝ እጁ ከፒያኖው ጎን ወጥቶ አየሩን ይዳብሳል። ምሥጢሩ የገባን እኛ ብቻ ነን፤ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ሲደርስ አረፋውን ሊያለቀልቅ ቧንቧ ይከፍታል፤ የቀረውን የሚጨርሰው በፎጣው ላይ ነው። ሚስቱ ፊቷን በቦርሳዋ ሸፈነች።

ዳኛው ብድግ አሉ። "አንተ ልጅ! አረፋዬን ይዤ ልሂድልህ? ቀጥል እንጂ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ልጁ ናት። እሷን ሲያይ የእሱም የተወጠረ ትከሻ ላላ፤ የቀረውን እየሳቀ፣ እንደ ልጅ በወንበሩ ላይ እየተወዛወዘ ጨረሰው።

ጭብጨባው ሲቀልጥ ተነሥቶ እጅ ነሣ። ከዚያ በልማዱ መሐረቡን አውጥቶ ወንበሩን አራገፈና ተራቸውን ወደሚጠብቁት ወላጆች ዞሮ፦

"ተረኛ!"