የሟቹ ወንድም ከማን ጋር ይበላል?

ባለፈው ቅዳሜ፣ እንጅባራ፣ ምሳ ሰዓት ላይ... ጉሙ ከተማውን ውጦት ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ነበር የሚሄዱት። የዳንግላ ሚኒባስ እስኪሞላ ብዬ አንዲት ምግብ ቤት ገባሁና ሽሮ አዘዝኩ። እጄ ላይ የያዝኩት ልብ ወለድ ስለ አንድ የቆየ ግድያ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከያዝኩ እንኳን ሚኒባስ ስሜም ይረሳኛል።

ቤቱ ሞልቶ ስለነበር አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከፊቴ ተቀመጡ። ሽሮው መጣ።

«አባቴ ይቅረቡ፣ እንብላ።»

«ብላ ልጄ፣ ይባረክ» አሉና በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ከጋቢያቸው ስር አወጡ።

ትንሽ ቆይተው «መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሰው ተገድሎ፣ ገዳዩ ሳይታወቅ ቀርቶ፣ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ፖሊስ ሲፈልገው... ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ሰሙኝ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«የሟቹ ወንድምስ... ከማን ጋር ነው የሚበላ?»

ግራ ገባኝ። መጽሐፉ ውስጥ ወንድሙ አለ፣ ሲበላ ግን የትም አላየሁትም።

«እኔ የዘንገና ሰው ነኝ» አሉ በቀስታ። «ወንድሜን ከገበያ ሲመለስ ገደሉብኝ። ገዳዩን ለማውጣት አገሩ ተሰብስቦ አውጫጪኝ ተቀመጠ። ሁሉም አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ማለ። ከማሉት አንዱ ደመኛዬ ነው። ከደመኛ ጋር ደግሞ አይበላም። የትኛው እንደሆነ ካላወቅሁ ከማን ጋር ልብላ? ሰርግም ተዝካርም የምሄድ ቆሎዬን ይዤ ነው።»

እንጀራዬን እምቢ ብለው አንጀቴን በሉት።

ሽሮውን አየት አደረጉና «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

አባቴ ተወልዶ ያደገው እዚያው ዘንገና ነው። ያኔ ከማሉት አንዱ መሆኑ አይቀርም። እውነቱን ብናገር እጃቸው እንደማይዘረጋ ገባኝ።

«የሩቅ ሰው ነኝ አባቴ፣ ከወሎ ነው የመጣሁት» ብዬ ዋሸሁ።

ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ቆሏቸውን መልሰው ቋጠሩ፣ እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። በላን። ሳይቸኩሉ፣ እያጣጣሙ... አንዴ እንዲያውም አጎረሱኝ። ጉሙ በበሩ ገብቶ የሰዉ ድምፅ ሁሉ ራቀብኝ። ዓለም ላይ የቀረነው እኔና እሳቸው ብቻ መሰለኝ። እንደዚያ ጣፍጦኝ በልቼ አላውቅም።

ረዳቱ «ዳንግላ! ዳንግላ!» ሲል ተነሳሁ። እጄን ያዙኝ።

«ለአባትህ ሰላም በልልኝ።»

ክው አልኩ። «አባቴን... ያውቁታል?»

«ገና ስቀመጥ ነው ያወቅሁህ። ቁርጥ አባትህን ነህ።»

«ታዲያ ለምን በሉ?»

«ደከመኝ ልጄ። ብቻዬን መብላት ደከመኝ።»

ሰላምታውን እስካሁን ለአባቴ አላደረስኩም... ስነግረው ፊቱን ማየት ፈራሁ።