ተጠቃሚ አልሆንም ያሉት የቱርሚ አዛውንት

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ቱርሚ የሚል ስም በሰማሁ ቁጥር ዛሬም መቀመጫዬ አይረጋም።

የጂንካ ልጅ ነኝ። ሐመርኛ የለመድኩት እናቴ በሐመሮቹ ከተማ በቱርሚ ገበያ ስትነግድ ነው። በዚችው ቋንቋ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። ድርቁ ከብቱን ከጨረሰ በኋላ ቱርሚ አጠገብ ፍየል ልናድል ሄድን። አለቃችን «ለተጠቃሚዎቹ ንገርልኝ» አለኝ። እኔም ተጠቃሚ ማለት የሚሰጡትን የሚቀበል ሰው ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

ኦይታ የሚባሉ አዛውንት ተነሡ። ከመንጋቸው አንድም አልተረፈም፤ የልጅ ልጆቻቸው ወተት ካዩ ሰንብተዋል። እንዲያም ሆኖ ፍየሎቹን አልነካም አሉ። በሐመር ፍየል የሰጠህ ሰው ወዳጅህ ነው። ሲቸግረው ይመጣል፣ ሲቸግርህ ትሄዳለህ። ሰጪው ካልታወቀ ግን መቀበሉ ልመና ነው።

«የሰጠኝ ማነው? ስሙን ንገረኝ» አሉኝ።

ለአለቃዬ ስነግረው ሰዓቱን አየና እምቢ ካሉ ለሌላ ይሰጥ አለ። የነዚያ ልጆች ነገር አንጀቴን በላውና ሳላስበው «እኔ ነኝ» አልኩ። አዛውንቱ እጄን ይዘው ስሜን ደጋግመው አስጠሩኝና ፍየሎቹን ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። ነገ መጥተው በሬ ቢጠይቁኝስ? ምን በወጣኝ! ይባስ ብሎ ፕሮጀክቱ ተዘጋና ሥራ ፈትቼ ቤት ዋልኩ፤ ባለቤቴ ጎመን እየሸጠች ታበላን ጀመር። ከቱርሚ አይሱዙ በገባ ቁጥር መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ።

የፈሩት ይደርሳል ነውና አንድ ቀን ወደ ቤት ስመለስ ኦይታ በራችን ላይ ቆመዋል። ጉድ ፈላ አልኩ። ጠጋ ስል በገመድ የያዟት ያረገዘች ፍየል አለች። እኔ ሰጠኋቸው ከሚሏቸው ፍየሎች የተወለደች ናት።

ገመዱን አስያዙኝ። ፊታቸው ተቆጥቷል።

«ሥራህ እንደተዘጋ ሰማሁ። ስጠብቅህ ነበር፤ ለምን አልመጣህም?»

እፍረት ገደለኝ።

ፍየሏ መንታ ወልዳ ያንን ክፉ ጊዜ አሻገረችን። አሁን ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቻለሁ፤ ስብሰባ ላይ «ተጠቃሚዎቻችን» በተባለ ቁጥር ወንበሩ ይቆረቁረኛል። ዘንድሮ በቱርሚ በኩል ዝናብ ጠፍቷል ይላሉ። ኦይታ ግን እስካሁን አልመጡም። ከቱርሚ አይሱዙ ሲገባ ዛሬ የምሮጠው ወደ መኪናው ነው።