ከጎጆ እስከ አምቦ በወንድሜ መኪና፦ የኋላ ጎማ ኩሽኔታ ለማስቀየር

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

የወንድሜን መኪና አምቦ ወስጄ የኋላ ግራ ጎማዋን ኩሽኔታ ላስቀይር ከቤት ወጣሁ። ቤታችን ከጎጆ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃውን አልፋ ጤና ጣቢያ የምታደርሰን ይህች አሮጌ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ብቻ ናት። ወንድሜ ታደሰ ታሞ ከሞተ ሃያ ሰባት ቀን ሆኖታል። ሚስቱ ሌሊሴ ወሯ ገብቷል።

አባቴ "አርባው ሳይወጣ የሟች ዕቃ አይነካም" ብሎ ቁልፉን ይዞት ነበር። ያስለቀቀችው እናቴ ናት።

"የሌሊሴ ልጅ አርባ ይጠብቃል?" አለችው።

አባቴ ቁልፉን መደቡ ላይ አስቀምጦ ፊቱን አዞረ። እኔም ደህና ዋል ሳልለው ወጣሁ።

እስከ ጊንጪ

መንገዱ ድንጋይና ጭቃ ነው። የገብሱ ማሳ ጉም ለብሷል። መኪናዋ ከኋላ ታጉረመርማለች፤ ስፈጥን ትጮኻለች። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ሳበችኝ። በቀኝ ገደል ነው። ከዚያ በኋላ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተትኩ ወረድኩ። መሪው በላቤ ረጠበ።

ጊንጪ ቆሜ ጎማውን ሳይ ዘይት ተረጭቶበታል። እናቴ የቋጠረችልኝን የገብስ ጭኮ ቀምሼ መልሼ ቋጠርኩት። ጤፍ የሚጭን አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ይቺ ጎማ ካንተ ቀድማ አምቦ ትገባለች!" ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

አምቦ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት

ባጃጆቹን አልፌ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ጋራዥ ገባሁ። መኪናዋን በክሪክ አነሱ። የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎማውን አሽከርክር አሉኝ።

"ና ስማ። ቆሎ እየተቆላ ነው።"

እውነትም ቆሎ ይመስላል።

ጎማውን የሚይዘውን ዘንግ፣ አክስሉን፣ ስበው አወጡ። የኩሽኔታው ኳሶች ተበልተዋል። ዘይት የሚያግደው ኦይል ሲልም ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የፍሬኑ ሸራ በዘይት የራሰው ለዚህ ነው። ከኦይል ሲሉ ሥር ግን በግራሶ የታሸ ሲባጎ ዙሪያውን ተጠምጥሟል።

"ይሄን የጠመጠመው ማነው? ሸማኔ ነው እንዴ?" አሉ።

"ወንድሜ ነው።"

"ጥራው እስቲ፣ ሥራ ላስተምረው።"

"ሞቷል። ወር አልሞላውም።"

መፍቻውን አስቀመጡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። "ነፍስ ይማር" አሉ።

ሲባጎውን ሊጥሉት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። "አዲሱ ከገባ በኋላ ይመልሱት። እሱ እንዳሰረው... እንደዚያ ይሁን።"

"ስማኝ ልጄ። ይሄ መንገድ ላይ የታሰረ ነው፣ ቤት እስኪገባ። ወንድምህ ሞኝ አልነበረም፤ ጋራዥ ቢደርስ ራሱ ይጥለው ነበር። ከመለስኩት አዲሱን ይበላዋል። ማንን ልትጭንባት ነው?"

"ሚስቱን። ልትወልድ ነው።"

"ታዲያ!"

እጄን ለቀቅኩ።

የድሮው ኦይል ሲል አክስሉ ላይ ቀለበት የመሰለ ጎድጓዳ መስመር ቆፍሯል። ኦቦ ገመቹ አዲሱን እዚያው አላስቀመጡትም፤ ዘይት የሚያግደው ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ እንዲያርፍ ትንሽ ወደ ውጭ አደረጉት። ኩሽኔታውን በግራሶ ሞልተው አስገቡ። ሸራውንም ቀየሩ።

"ጊንጪ ስትደርስ ጎማው መሀል ያለውን ብረት ዳብሰው። ካቃጠለህ እንዳትቀጥል።"

የመልስ ጉዞ

ጊንጪ ስደርስ ወደ አሥር ሰዓት ነው። ብረቱን ልዳብስ ስጎነበስ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

"ምጧ መጥቷል። የት ደረስክ?"

በአንድ እጄ ስልኩን ይዤ በሌላው ብረቱን ነካሁ። ይሞቃል። ያቃጥላል ልበል? እጄን አነሳሁና እንደገና አሳረፍኩ። እጅ አሳርፎ መቆየት ይቻላል። "መጣሁ" አልኩ።

ዳገቱ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ቤት ስደርስ ማንም አልወጣም። ገብቼ ስጠራ እናቴ ደነገጠች፤ "መቼ መጣህ? ሳንሰማህ!" አለች። ሌሊሴን ደግፈን ከኋላ አስገባናት፤ እናቴም አጠገቧ ገባች። አባቴ ከፊት ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

ከጤና ጣቢያው በፊት ያለው ቁልቁለት ጭቃ ነበር። ሌሊሴ ጮኸች። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ወደየትም ሳትስብ ቀጥ ብላ ቆመች። አባቴ ፍሬኑ ላይ ያለውን እግሬን ሲያይ አየሁት።

ዓርብ ጠዋት፣ ቤት

ወንድ ልጅ ተወለደ። ሦስቱንም ከነሕፃኑ ይዤ ተመለስኩ።

እስከ ትናንት ወንድሜን ማክበር የነካውን አለመንካት ይመስለኝ ነበር። ታደሰ ግን ያንን ሲባጎ የጠመጠመው ሰው ለማድረስ ነው። መኪናዋ ሰው ካደረሰች ሥራው አልጠፋም። ይህን እየጻፍኩ አሁንም ያመኛል፤ ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው።

ከመኪናዋ ስንወርድ አባቴ ወደ ቤት አልገባም። ዞሮ በቀኝ በኩል ያለውን የኋላ ጎማ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ይሄንንስ መቼ ነው አምቦ የምትወስደው?" አለኝ።