ለሐጂ ዩኑስ ያነበብኩላቸው

ይህን እስካለፈው ሐሙስ ድረስ ለእናቴም፣ ለባሌም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። አንዴ ስለወጣ ግን ለእናንተም ልናገረው። ስጨርስ ብትጠሉኝ አይገርመኝም።

ሐጂ ዩኑስ እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከጨርቅ ሱቄ ጀርባ የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። የሐረር ሰው ናቸው፤ ጀጎል ግንብ ውስጥ ተወልደው ያደጉ። ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ደግሞ ማንም ገብቶ ሊጽፍበት በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ፣ ስለ ሐረር የሚናገረውን የአማርኛ ገጽ አቃና ነበር። ድሬዳዋ ተወልጄ እዚህ ያደግሁ ነኝ፤ ሐረርን የማውቃት ለሠርግና ለለቅሶ ስሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ሱቁን ሲያዘጋን፣ ስልኬን ይዤ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ። አነብላቸዋለሁ፣ ያርሙኛል።

«ኤረር በር በምሥራቅ ነው እንጂ ልጄ! ማነው ደግሞ ወደ ሰሜን የወሰደው?» ይሉና እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

እሳቸው የነገሩኝን ከመጻሕፍት እያመሳከርኩ እጽፋለሁ። ምስጋናው የሚመጣው ግን ለእኔ ነው። ምስጋናውን ወደድኩት።

ለዚያ ሁሉ ድካማቸው የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እናታቸው ፋጡማ፣ ሴት ልጅ እምብዛም በማትማርበት ዘመን፣ የሰፈሩን ልጃገረዶች ቤታቸው ሰብስበው ቁርኣን እያስቀሩ ያስተምሩ ነበር። «አንድ መስመር ብቻ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ሳነብላቸው እንድደግመው ጠየቁኝ፤ ስደግመው አለቀሱ።

በኋላ ገጹ ከምርጦቹ ጋር እንዲመደብ አመለከትኩ። ገምጋሚዎቹ ለዚያች መስመር የጽሑፍ ማስረጃ ጠየቁ። ከየት ላምጣ? ሰረዝኳት። መሰረዙ ደንብ ነው፣ በእሱ ራሴን አልከስም። ገጹ ተመረጠ። በማግስቱ ሐጂ፣ «እስቲ የእናቴን አንብቢልኝ» አሉኝ።

ለምን እውነቱን አልነገርኳቸውም? እንዳያዝኑ ብዬ ነው? ብዙ ጊዜ ለራሴ እንደዚያ እላለሁ። ውሸት ነው። በእሳቸው ፊት ትንሽ መሆን ስላልፈለግሁ ነው። ስልኩን አንስቼ፣ የሌለውን እንዳለ አድርጌ አነበብኩላቸው። በሳምንቱም አነበብኩ። በሦስተኛው ጭራሽ ጨመርኩበት፤ «በመላው ሐረር የታወቁ መምህርት ነበሩ» አልኩ። ለዓይነ ስውር ሰው፣ ባዶውን ስክሪን ይዤ። እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት።

ሐጂ ደስታውን መቻል አቅቷቸው ሐረር ላለ የእህታቸው ልጅ ደወሉ። ሰውየው ገጹን ከላይ እስከ ታች ቢፈልግ መስመሯን አጣት። ለልጃቸው ለኢድሪስ ደውሎ፣ «ያጎቴ ነገር አላማረኝም» አለው። በዚያው ሰሞን ሐጂ «ከመሞቴ በፊት ሐረርን አንዴ ልርገጣት» ብለው በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያም በመኪና ለመሄድ ተነስተው ነበር፤ ኢድሪስ ደግሞ በእርጅናቸው ፈርቶ ሲያመነታ ነበር። አስጠራኝ።

«ነጅማ፣ አባባ ያንን መስመር አንቺ እንዳነበብሽላቸው ይናገራሉ። እውነት ነው?»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። እንደማድናቸው እርግጠኛ ነበሩ።

«አላነበብኩም» አልኩ። «ከሌላ ነገር ጋር አምታተውት ይሆናል።»

ፈገግታቸው ቶሎ አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የጠፋው። ከዚያ፣ «እሷ ካለች ልክ ናት» አሉ። «አሁን አሁን በሕልሜ የሰማሁትን ከእውነቱ እቀላቅላለሁ።»

አልቀላቀሉም። ያውቃሉ። በልጃቸው ፊት እኔን እንዳያዋርዱ ብለው፣ እሳቸው አእምሯቸውን እንደሳተ ሰው ሆነው ተቀመጡ። እኔም ይህንን እያየሁ ዝም አልኩ።

ኢድሪስ ጉዞውን ሰረዘ። ከዚያ ወዲያ ሐጂ አንብቢልኝ ብለውኝ አያውቁም። ስሄድ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፣ ይመርቁኛል። በዚያው ዓመት ሞቱ፤ እዚሁ ጅቡቲ ተቀበሩ። ለቅሶው ላይ ኢድሪስ በሰው ፊት፣ «ለአባቴ ዓይን ነበረች፣ አላህ ይስጣት» ሲል ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

ሐሙስ ዕለት ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። አልጮኸብኝም።

«አእምሯቸው ደኅና ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

«ደኅና ነበር።»

«ሐረር መሄድ ይችሉ ነበር?»

«ይችሉ ነበር።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በደሉ ገና ጆሮው ውስጥ ሳለ፣ እንዴት ብዬ ደግሞ አንድ ነገር ስጠኝ እለዋለሁ? ተነስቼ ወጣሁ።