የፕሪም አረቄ የሚሸተው ሰው

በሞራቫ ወንዝ ዳር መስከረም ሲገባ በየግቢው የፕሪም አረቄ ይወጣል። ስለዚህ በጤና ጣቢያችን ኮሪደር የተቀመጠውን ሽማግሌ ትንፋሹን ያሸተተ ሁሉ ሰክሯል ብሎ ፈረደበት። ሰውዬው ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። ኮቱ ላይ የሐዘን ጥቁር ጥብጣብ አድርጓል፤ የሸሚዙ ቁልፍ ባልለመደ እጅ፣ በማይመስለው ክር ተሰፍቷል። ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል፤ ሩጫ እንደጨረሰ ሰው እያለከለከ በረጅሙ ይተነፍሳል።

"አባባ፣ በርሜሉን ጨርሰው ነው የመጡት?" አለው ዘበኛው ራዲቮዬ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ።

"ኧረ ጠብታ አልቀመስኩም፣ ልጄ። ትኩሳት ይዞኝ እህል አስጠላኝ። ካልበላሁ ምን ያደርግልኛል ብዬ ኢንሱሊኑንም ተውኩት። የመርፌውን ነገር የምታውቀው ባለቤቴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር።"

እኔ ነርስ ነኝ፤ ደሜ ፈላ። "ከምግብ በፊት ተወጋ" ብሎ ከመሸኘት በቀር ለዚህ ሰው ማን ምን ነገረው? ሰውነት ሲታመም ይደነግጣል፤ የድንጋጤ ሆርሞኖቹ ጉበቱን እያስገደዱ፣ ቁራሽ ዳቦ ሳይቀመስ ደሙን በስኳር ይሞሉታል። ኢንሱሊን ከሌለ ደግሞ ስቡ እየነደደ ደሙን አሲድ ያደርገዋል፤ ትንፋሹም አረቄ አረቄ ይሸታል።

"ይሄ የአረቄ ሽታ አይደለም! ሰውዬው እየሞተ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

አልጋ ላይ አስተኝተን ስንገፋው፣ ሽታው እንዳያስቸግረን ብሎ፣ አፉን በባርኔጣው ሸፈነ።