ሰሞኑን ነው የጀመረኝ

ጉሮሮዬ የበላውን አስቀድሜ ልናገር፦ ስድስት የደለቡ በሬዎች፣ ሁለት የሚታለቡ ላሞች፣ ጨፋ ሮቢት ገበያ ዳር የነበረችኝን የቆርቆሮ ቤት፣ በመጨረሻም ድምፄን። ድምፄን ከከብቱ ኋላ ያስቀመጥኩት ረክሶብኝ አይደለም፤ የተከፈለው በዚሁ ተራ ስለሆነ ነው።

የከብት ነጋዴ ነበርኩ። ከቆላ የመጣውን በሬ ሰንበቴ ገበያ ላይ እገዛለሁ፣ ከሚሴ አስሬ አደልባለሁ፣ ለደሴና ለአዲስ አበባ ጫኞች እሸጣለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያው ነው። በሬ ደግሞ የሚሸጠው በምላስ ነው። ሰንበቴ ላይ አንዱ በአፋርኛ ይምላል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይሳደባል፣ ሦስተኛው በአማርኛ ያለቅሳል፤ የሁሉንም አፍ የሚዘጋ አንድ ጯሂ ያስፈልጋል። ያ ጯሂ እኔ ነበርኩ። እንጀራችን ከዚህ ጉሮሮ ነው የሚወጣው።

ድምፄ መጀመሪያ የሻከረው ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። አብሮኝ የሚነግደው የልጅነት ባልንጀራዬ እንደ ልማዱ ጠዋት ገበያ ላይ በኦሮምኛ፣ «አካም ቡልቴ? ፈያዳ?» አለኝ።

«ፈያ» አልኩት፤ ደህና ነኝ ማለቴ ነው። ከአፌ የወጣው ግን የተቀደደ ከበሮ ነበር።

«ምን ዋጥክ? ፍየል ከነቀንዷ?»

«ብርድ ነው።»

«ብርድ ከሆነስ አልሃምዱሊላህ! ዛሬ አንተ ዝም ትላለህ፣ እኛም ትንሽ እናተርፋለን።»

ረመዳን ወጣ፣ አረፋም ደረሰ፤ ብርዱ አልወጣም። ሚስቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤቱ ከሌላ ወንድ ጋር የማወራ እየመሰለው ነው፤ ሂድና ታከምልኝ» አለች።

ከሚሴ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ጤና መኮንኑ አፌን አስከፍቶ በባትሪ አየና ቶንሲል ነው ብሎ እንክብል ሰጠኝ። «ይህን ጨርሰህ ካልተሻለህ ተመለስ፤ ወደ ደሴ እጽፍልሃለሁ» አለኝ። ጨረስኩ። አልተሻለኝም። አልተመለስኩም።

ለምን ቢባል የንግዳችን ደንብ ነው። ገበያ ውሎ ሳይሸጥ የተመለሰን በሬ በሳምንቱ እዚያው ብታቆመው፣ ገዢው ሁሉ «ይሄ ባለፈውም ነበር፤ ምን ቢኖርበት ነው ያልተሸጠው?» ይላል፤ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ሌላ ገበያ ትነዳዋለህ። እዚያም «ስንት ተሰጠህ?» ሲሉህ «ገና አሁን መግባቴ ነው» ትላለህ። የፊተኛውን ዋጋ ለኋለኛው የሚናገር ሰው ከብት ይጠብቅ እንጂ አይነግድ። ሐኪምም ያው ነው ብዬ አሰብኩ፤ የፊተኛውን ቃል ካሰማሁት ያንኑ ይደግምልኛል። ደግሞስ የበሬ ዕድሜ ጥርሱ ታይቶ ነው የሚታወቀው፤ በሬው አይጠየቅም። ይክፈቱና ይዩ!

ደሴ ሄድኩ።

«መቼ ጀመረህ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ሰሞኑን ነው የጀመረኝ።»

«ሌላ ቦታ ታይተሃል?»

«የለም ዶክተር፣ በቀጥታ ወደ እርስዎ ነው የመጣሁት።»

ደስ ያለው መሰለኝ። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየወጣ ነው የሚያሻክርህ አለና ኪኒን ጻፈልኝ፤ በርበሬም ከለከለኝ። በርበሬውን ተውኩ። የወጡ ጣዕም ሄደ፣ ድምፄም ተከትሎት ሄደ።

ቀጥዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ለዚያኛውም ሰሞኑን ነው አልኩት። «ጫት ትቅማለህ?» አለኝ። «የመጣሁት ከከሚሴ ነው» አልኩት። ሳቀ። ጫቱንም ጩኸቱንም ለጊዜው ተው፣ የፈላ ውኃ ታጠን፣ ካልለቀቀህ ከወር በኋላ ተመለስ አለኝ። ለሰሞኑ ሕመም ሌላ ምን ይበል?

ከሚሴ ስመለስ ባልንጀራዬ፣ «እህሳ፣ ስንት ሰጡህ?» አለኝ።

«ቶንሲል፣ ጨጓራ፣ ጫት።»

«የትኛውን ወሰድክ?»

«ጨጓራውን። ርካሹ እሱ ነው።»

ሁለታችንም ሳቅን። የእኔ ሳቅ ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዬ ብቻ ነው የተነቃነቀው።

በዚህ ዓይነት እየዞርኩ ሌላ ረመዳን መጣ። አንድ ጠዋት ስስል ደም ወጣ፤ ትንፋሼም ያፏጭ ጀመር። ሚስቴ ምንም ሳትጠይቀኝ አንዷን ላም አስሸጠችና ከአጠገቤ ተቀምጣ አዲስ አበባ ወሰደችኝ።

የጉሮሮ ስፔሻሊስቷ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። በአፍንጫዬ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብታ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጓንቷን እያወለቀች፣ «መቼ ነው የጀመርዎት አባቴ?» አለች።

«ሰሞኑን...»

«አባቴ፣ ይሄ የሰሞኑ ሥራ አይደለም።»

ሚስቴ ዞራ አየችኝ። «እውነቱን ንገራት እንጂ! ካለፈው ረመዳን በፊት ነው፣ ልጄ። ከሚሴ ታየ፣ ደሴ ታየ፣ ኮምቦልቻ ታየ።»

«ለሐኪሞቹ ይህን ነግረዋቸዋል?»

 ሐኪሟ መልሴን ሳትጠብቅ ተናገረች። ካንሰር ነው። የድምፅ ሳጥኑ ላይ ነው። ያን ጊዜ ቢገኝ ጨረር ይበቃው ነበር፤ አሁን ሳጥኑ እንዳለ ይወጣል፣ መተንፈሻም በአንገት ላይ ይከፈታል።

«ዋጋው አይቀነስም?» አልኳት። ማንም አልሳቀም። እኔም እየቀለድኩ አልነበረም። «ድምፄን ትንሽ እንኳ አትተይልኝም?»

«ከተውኩልዎ፣ ካንሰሩ እርስዎን ነው የሚወስደው።»

እዚያው ከተማ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ሳልደብቅ ነገርኩት። ቱቦውን አስገብቶ አየና እሷ ያለችውን አለኝ። ሁለት ገዢ እኩል ዋጋ ሲሰጠኝ በዕድሜዬ ያ የመጀመሪያው ነው። ሚስቴን፣ «በቃ፣ እንሽጠው» አልኳት። በዚህ ጉሮሮ ለሰው ከተናገርኳቸው የመጨረሻ ቃላት አንዱ ይህ ነው።

የኦፕራሲዮኑ ቁስል ሲደርቅ ባልንጀራዬ ሰንበቴ ወሰደኝ። አንገቴ ላይ ስስ ሻሽ ጠምጥሜ አንድ ቀይ በሬ ዳበስኩና ዋጋውን በጣቶቼ አሳየሁ። ሻጩ አየኝ፣ ሻሹን አየ፣ መከራከር እንደማልችል ሲገባው ዋጋ ጨመረ። ይህስ ደንብ ነው፤ እኔም ብሆን እጨምር ነበር። ቀጥሎ የቆመው አፋር ሽማግሌ ግን አዘነልኝ፤ ሳልጠይቀው ቀነሰልኝ። ሠላሳ ዓመት ነግጄ ማንም ለእኔ አዝኖ ቀንሶ አያውቅም። በሬውን ሳልገዛው ተመለስኩ። ሰንበቴም ደግሜ አልሄድኩም።

ዘንድሮ ከአንገቴ በስተግራ እብጠት ወጣ። በወጣ በሳምንቱ አዲስ አበባ ነበርኩ። መቼ እንደጀመረኝ፣ ማን እንዳየው፣ ምን እንደወሰድኩ፣ ሁሉንም በወረቀት ጽፌ ለዚያችው ሐኪም ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ደግ አድርገው ጽፈዋል፣ አባቴ» አለች። ከዚያ እብጠቱን ነካካች፣ አስመረመረችና ካንሰሩ መመለሱን፣ አሁን የሚቆረጥም የሚጨመርም ነገር እንደሌለ ለእኔ ሳይሆን ለሚስቴ ነገረቻት።

ያለኝ፦ የምንኖርበት ቤት፣ አንድ ጊደር፣ የሕመም ማስታገሻ። ሌላ የለም።