ታይናን የሚኬደው በኅዳር ነው

እስቲ ይሄን ስሙኝ። የቦዘኔ ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ታይዋን ውስጥ ታይናን የምትባል ከተማ አለች። እኔ አይቻት አላውቅም። ግን በየትኛው ወር እንደሚዘንብባት፣ በየትኛው ወር ንፋሱ ጣሪያ እንደሚገነጥል፣ ማንጎዋ መቼ እንደሚደርስ፣ ባቡሯ መቼ ሰው በሰው እንደሚሆን ጠይቁኝ፤ ሳልተነፍስ እነግራችኋለሁ። ያያት ወንድሜ ነው። እሱን ብትጠይቁት ግን «ኢት ዋዝ ናይስ» ከማለት ሌላ የሚነግራችሁ ነገር የለውም።

ያኔ ከዴንቨር ኤርፖርት አጠገብ ያለ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው። ቡዝ ውስጥ ተቀምጠህ ቲኬት ትቀበላለህ፣ ታስከፍላለህ፣ በሩን ትከፍታለህ። ቀኑን ሙሉ የሆነ አገር ተዝናንቶ የመጣ ሰው ፀሐይ የላጠውን አፍንጫውን ይዞ በመስኮቴ ያልፋል። «ሃው ወዝ ዩር ዴይ?» ይለኛል ደግሞ። እንዴት ይዋል? አንተ ሃዋይ ነበርክ፣ እኔ ሳጥን ውስጥ ነበርኩ።

ማታ ማታ ሰፈራችን አውሮራ ውስጥ የአዋቂዎች እንግሊዝኛ እማራለሁ። ልጅቷን ያወቅኳት እዛ ነው። የታይናን ልጅ ናት፤ እንግልውድ አክስቷ ቤት አንድ ዓመት ተቀምጣ እንግሊዝኛ ልትማር የመጣች። ክፍሉ ውስጥ ከኔና ከእሷ በቀር የቀረው ሁሉ የልጅ ልጅ ያየ ነው። እሷስ እንግዳ ናት። እንደኔ ልጅነቱን አሜሪካ ያሳለፈ ሰው እዛ ምን ይሠራል? ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ልንገራችሁ።

ናይሮቢ እያለን የስደተኝነት ፎርማችንን የሞላው የእናቴ ወንድም ነው። እንግሊዝኛ የሚችለው እሱ ነበራ! ከኔ ጀመረ። የተወለድኩበትን ዓመት በኛው አቆጣጠር ቁጭ አደረገው። ወንድሜ ጋ ሲደርስ አጠገቡ የነበረ ሰው «ኧረ ወደ ፈረንጅ ይለወጣል» አለው። የወንድሜን ለወጠ። የእናቴን ለወጠ። የኔን ተወው። በእስክሪብቶ ተጽፏላ። ስርዝ ድልዝ ካዩበት ፎርሙን ይጥሉታል ብሎ ፈራ። በቃ፣ በአንድ ዓመት የምበልጠውን ወንድሜን በወረቀት በስምንት ዓመት በለጥኩት።

ኢንተርቪው ያደረገን ፈረንጅ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ወረቀቱ ሀያ ሊሞላው ነው ይላል፣ ፊቱ የቆመው ጢም የሚባል ያልነካው ረዥም ልጅ ነው። ረሃብ አቀጭጮት ነው ብሎ መሰለኝ፣ ከመሳቢያው ብስኩት አውጥቶ ሰጠኝ። ቢያንስ እሱ አዝኖልኛል።

አውሮራ ስንገባ ወንድሜ ትምህርት ቤት ገባ። የመዘገበችን ሴትዮ እኔን አገላብጣ አይታ እናቴን «እርግጠኛ ነሽ? ይሄ ልጅ እኮ ልጅ ነው» አለቻት። እናቴን ደግሞ አጎቴ፣ ቀድመው የመጡት ዘመዶችና የሰፈር ትልልቅ ሰዎች መክረዋታል። ዝም በዪ፣ ዋሽታችኋል ብለው ቤተሰቡን ጠቅልለው ይመልሱታል፣ ብለዋታል። እናቴ «ልክ ነው፣ ትልቅ ነው» አለች። ወንድሜ ፉትቦል ተጫወተ፣ ፕሮም የሚሉት የመመረቂያ ጭፈራ ሄደ፣ አፉ ተፈታ። እኔ ከአባቶችና ከእናቶች ጋር «ዚስ ኢዝ ኤ ፔንስል» እያልኩ ቀረሁ።

እናቴ ዜጋ ስትሆን ደግሞ አስራ ስምንት ያልሞላው ልጅ አብሯት ዜጋ ይሆናል። ወንድሜ ሶፋ ላይ እንደተጋደመ ሆነ። ጣቱን አላነሳም። እኔ በእናቴ ሆድ ቆጠራ ገና አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ በወረቀት ግን ሚስት የሚያገባ ሰውዬ። «አንተ ለብቻህ አፕላይ አድርግ» ተባልኩ። አደረግኩ። «ስምህ እየተጣራ ነው» ይሉኛል። በደወልኩ ቁጥር እየተጣራ ነው። ምን ዓይነት ስም ነው ተጣርቶ የማያልቅ?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ከክፍል ስንወጣ እኔ ነኝ እንግልውድ ድረስ የማደርሳት። መኪናዬን አክስቷ ቤት በር ላይ ፓርክ አደርግና ሞተሩን ሳላጠፋ እናወራለን። እንግሊዝኛችን እኩል ደካማ ስለሆነ ማንም ማንንም አያፍርም። ስለ ከተማዋ ትነግረኛለች፤ ጠዋት ጠዋት የሚበላውን የበሬ ሾርባ፣ በየመንገዱ ጥግ ያለውን ቤተ መቅደስ፣ ስኩተሩን። ልትመለስ ስትል «ና፣ እኔ አሳይሃለሁ» አለችኝ። የሆዴን ያልነገርኳት ለዛ ነው። መኪና ውስጥ እንግልውድ ላይ ምኑ ይነገራል? እዛ ሄጄ፣ አገሯ ላይ፣ ደህና ልብስ ለብሼ ልነግራት።

ከሄደች በኋላ ቡዝ ውስጥ ሥራዬ ይሄ ሆነ። መቼ ልሂድ? እሷ በስልክ መጀመሪያ «በሰኔ ና፣ ማንጎ አለ» ትላለች። ትንሽ ቆይታ «አይ፣ በሰኔ ይዘንባል» ትላለች። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ቲፎን የሚሉት ማዕበል አለ፤ አውሮፕላን ያስቀራል፣ ዛፍ ይነቅላል። የነሱ አዲስ ዓመት ላይ ከሄድክ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው፣ ባቡር ላይ መቆሚያ የለም።

እናቴ ሰምታ «ምን ያስጨንቅሃል፣ በመስከረም ሂድ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጥርት ይላል» አለችኝ።

«እማዬ፣ እዛ በመስከረም ነው ጣሪያ የሚበረው።»

«በመስከረም? ምን ዓይነት አገር ነው!»

ስደምር ስቀንስ ኅዳር ላይ አረፍኩ። ዝናቡ ያልቃል፣ ማዕበሉ ያልፋል፣ ሙቀቱ ይበርዳል። እሷም «ቤስት» አለች። በገዛ እጄ የመረጥኩት የመጀመሪያ ነገር መሰለኝ።

ከዛ እናቴ ብቻህን አትሄድም አለች። የሆነ ነገር ቢገጥምህ ማን ይናገርልሃል፣ ወንድምህ ይከተልህ። አያችሁልኝ? በወረቀት ወደ ሰላሳ የሚጠጋ ጎልማሳ ነኝ፣ ታናሼ ጠባቂ ሆኖ ተመደበልኝ። ልጅቷን ያውቃታል፤ ሺፍት ሲይዘኝ አንድ ሁለቴ እሱ አድርሷታል። በእሱ መኪና ስትሄድ ሳቋ ይበዛ ነበር ልበል? ልበል። እንግሊዝኛው ይፈሳላ። እሷ ሦስት ቃል ፈልጋ ሳታገኝ እሱ ይሞላላታል። እኔ ቃሉን አብሬያት ነበር የምፈልገው።

መግቢያውን ሳጣራ ቡዙ ጠበበኝ። ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ አይጠየቅም። ስድስት ወር የሚቆይ ፓስፖርቱንና የመመለሻ ትኬቱን ያሳያል፣ ሰላሳ ቀን ይመቱለታል፣ ይገባል። የኛ ፓስፖርት ያለው ቪዛ አስቀድሞ ይለምናል። ለኮሎራዶ የሚሠራው የታይዋን ቪዛ ቢሮ ሌላ ስቴት ነው፣ ሁሉም በፖስታ። ግሪን ካርድ፣ ፓስፖርት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የእሷ ግብዣ።

ወንድሜ ሶፋው ላይ ሆኖ «እኔስ ምን ላምጣ?» አለኝ።

«አንተ ምንም።»

«ናቲንግ?»

«ናቲንግ። ራስህን ይዘህ ና።»

«ኩል» አለና ቴሌቪዥኑን ጨመረው። ያቺን «ኩል» ብችል አፉ ውስጥ መልሼ እከታት ነበር።

ፓስፖርቴን ለማውጣት የልደት ካርድ ያስፈልግ ነበር፤ አገር ቤት ያለችው አክስቴ ቀበሌ ተሰልፋ አውጥታ ላከችልኝ። ልደቴ በትክክል ተጽፏል፣ ወደ ፈረንጅም በትክክል ተለውጧል። ኤምባሲያችን ያንኑ ፓስፖርቴ ላይ አሰፈረው። ሲደርሰኝ ቡዝ ውስጥ ስንት ጊዜ ገልጬ እንዳየሁት። እድሜዬ ነው እኮ! የገዛ እድሜዬ፣ ማህተም ያለበት። መኪና ተሰልፎ ክላክስ ሲያደርግብኝ አልሰማሁም።

ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌ ላክኩት። ትኬቱን ቀድመን ቆርጠናል፤ የሁለታችንንም፣ ጎን ለጎን። እኔ መስኮቱ ጋ።

ከቢሮው ሴትዮ ደወለችልኝ። ትሁት ናት፣ ከልቧ ነው የምታወራው። «ሰር፣ ግሪን ካርድዎ ላይ አንድ ልደት አለ። ፓስፖርትዎ ላይ ሌላ ልደት አለ። በመሀላቸው ሰባት ዓመት አለ። የትኛው ነዎት?»

የትኛው ነኝ። ምን ልበላት? እንግሊዝኛዬም አላደረሰኝ። «የፓስፖርቱ ነኝ፣ ያኛው አጎቴ ነው» አልኳት። «አጎትዎ ናቸው?» አለች ግራ ተጋብታ። አስረዳለሁ ብዬ ስንተባተብ አንድ ሰውዬ መስኮቴን ያንኳኳል። በመጨረሻ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ዓይነት እስኪሆኑ መስጠት አንችልም፣ ይቅርታ፣ አለችኝ። ወረቀቴን ሳይጎድል መለሱልኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጎቴ ከፓርክ ሂል መጥቶ እናቴ ቤት ምሳ ላይ ነበር። ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ዛሬም ፎርም ያለው ሰው ሁሉ እሱ ጋ ይሄዳል።

«አይዞህ» አለኝ እየጎረሰ። «አገር እንደሆነ የትም አይሄድም።»

«ጋሼ፣ አገሩ አይሄድም። እሷ ግን ትሄዳለች።»

«ታዲያ ሌላ ሴት ጠፋ? ዴንቨር ሙሉ የኛ ልጆች አሉልህ።»

«የወንድሜን አስተካከሉ። የኔን ማስተካከል ምን ነበረበት?»

እጁን ከትሪው አነሳ። «ስማ፣ እኔ ያን ፎርም ባልሞላው ዛሬ እዚህ ተቀምጠህ ትጮህብኝ ነበር?»

«ያኔስ እሺ፣ ፈሩ። ከገባን በኋላስ? የትምህርት ቤቷ ሴትዮ ጠይቃ የለም እንዴ? ‹ዝም በሉ› ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«አፍህን ሰብስብ!» አለችኝ እናቴ። «አጎትህ እኮ ነው! ለደግ ብሎ ነው!»

ሁሉም ለደግ ብሎ ነው። ክፋት የሠራ ሰው ቢኖር እንኳ ይሻለኝ ነበር፣ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር።

ወንድሜ እቤት ስንመለስ በር ላይ ቆመ። «ብሮ፣ የኔ ትኬት ኖን ሪፈንደብል ነው፣ ገንዘቡን አይመልሱም» አለኝ።

«እና?»

«ካልፈለግክ አልሄድም። አይ ሚን ኢት።»

ከልቡ ማለቱ ነው የገደለኝ። ቢሸሸገኝ፣ ቢዋሸኝ፣ እጠላው ነበር፣ ያርፍልኝ ነበር። «ሂድ» አልኩት። «ምን አገባኝ።»

«እሺ... ምን ልልበስ እዛ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ወፍራም ካፖርት ይዘህ ሂድ ብዬ ላቀልጠውም እችል ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ። «ቀላል ጃኬት። ቀን ቀን በቲሸርት ትሆናለህ፣ ማታ ትንሽ ይነፍሳል።» ጠዋት የትኛው ባቡር እንደሚሻልም ነገርኩት። ከኔ በላይ የተዘጋጀለት ሰው የለም።

ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከዛ ሥራዬ ገባሁ፣ ከኋላዬ አውሮፕላን ሲነሳ እየሰማሁ። ያን ሳምንት ምን እንደተመኘሁ ልንገራችሁ፤ ማዕበል። አንድ ቲፎን፣ ትንሽ፣ ሰው የማይጎዳ፣ ብቻ አብረው መንገድ ላይ እንዳይወጡ የሚያደርግ። የአየር ሁኔታውን በየቀኑ አያለሁ። ፀሐይ። ነገም ፀሐይ። ወሩን የመረጥኩት እኔ አይደለሁ? አንዲት ደመና እንኳ እንዳትመጣ አድርጌ ነው የመረጥኩት። ለራሴ የሠራሁትን እሱ ለበሰው።

ታንክስጊቪንግ፣ የፈረንጆቹ የምስጋና በዓል ዕለት፣ እናቴ ቤት ተሰብስበናል፤ አጎቴ አለ፣ ያኔ የመከሯት ዘመዶችም አሉ። ስልክ ተደወለ። እዛ ነግቷል። እናቴ ሁሉም ይስማ ብላ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ብሮ! ዌዘሩ ልክ እንዳልከው ነው!»

ከኋላው ሳቅ ሰማሁ። የማውቀው ሳቅ ነው፣ ያ የሚበዛው። ከዛ እሷ ተቀበለችው፤ «ሃይ! ኖ ሬይን! ዩር ፕላን ቬሪ ጉድ!» አለችኝ። «ታንክ ዩ» አልኩ።

ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎ ድምፁን ቀነስ አደረገ። ስፒከር ላይ መሆኑን አላወቀም። «ብሮ... ትኬቱን ወደ ፊት ልገፋው ነው። ሰላሳ ቀን ነው አይደል የሚፈቀድልኝ?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ሕጉን የማውቀው እኔ ነኛ።

«አዎ» አልኩት። «ሰላሳ ቀን ነው።»

አጎቴ ሳቅ አለና «ይዝናና እንጂ ልጁ! በእድሜው ነው!» አለ። ዘመዶቹም አብረው ሳቁ።

በእድሜው። እሱ እድሜ አለው።

ያን ቀን እናቴ እንዳታለቅስ ብዬ ሳልጠይቃቸው ተነስቼ ወጣሁ። ዛሬ ግን እጠይቃለሁ። ጋሼ፣ እናንተም ዝም በዪ ብላችሁ የመከራችኋት ሁሉ፤ ስንት ዓመት ሆነን፣ ማንም መጥቶ በራችንን አላንኳኳም፣ ማንንም አልመለሱም። ታዲያ በኔ እድሜ ያዳናችሁት ማንን ነው?